በእንግሊዝ ቤት ለመግዛት ከሶሊሲተር ጋር እንዴት ይሠራል?

እንግሊዝ ውስጥ ሻጩ ያቀረቡትን ዋጋ «እሺ» ቢል፣ ደላላውም ማስታወቂያውን ቢያወርድ እንኳ ገና ምንም አልገዙም። እ.ኤ.አ. በ1989 በወጣው ሕግ መሠረት የቤት ሽያጭ ውል በጽሑፍ ካልሆነና ሁለቱም ወገኖች ካልፈረሙበት አያስርም። በተግባር ደግሞ የተፈረሙት ቅጂዎች በጠበቆቹ መካከል የሚለዋወጡበት ቀን፣ ማለትም ኤክስቼንጅ፣ እስኪደርስ ድረስ ሻጩ የተሻለ ዋጋ ለሰጠው ሊሸጥ ይችላል፤ እርስዎም ያለ ካሳ ሊተዉት ይችላሉ። አገር ቤት ቀብድ ተቀብሎ ውሉን ያፈረሰ ሻጭ እጥፉን ይመልሳል። እዚህ በተለመደው ሽያጭ ከኤክስቼንጅ በፊት እንዲህ ያለ ዋስትና የለም። ያ ቀን ቶሎ እንዲመጣም ሆነ እንዲዘገይ ከሚያደርጉት ነገሮች አንዱ የገዢው ሰነድ ነው።

(ከዚህ በታች ያለው ለእንግሊዝ ነው። ስኮትላንድ የራሷ ሕግ፣ ዌልስ ደግሞ የራሷ የቤት ግዢ ግብር አላት።)

1. ጠበቃ መምረጥ

ሶሊሲተርም (ጠበቃ) ሆነ ፈቃድ ያለው ኮንቬያንሰር (የቤት ሽያጭና ግዢ ሕጋዊ ሥራ ባለሙያ) ሥራውን መሥራት ይችላል። ደላላው የጠቆመዎትን የመውሰድ ግዴታ የለብዎትም፤ ብዙ ጊዜ ደላላው ከዚያ ጥቆማ ኮሚሽን ያገኛል። ከመፈረምዎ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቁ። ሞርጌጅ (የቤት ብድር) የሚሰጠኝ ባንክ በሚቀበላቸው ጠበቆች ዝርዝር ውስጥ ናችሁ? ካልሆኑ ባንኩ የራሱን ጠበቃ ሊያቆም ስለሚችል ወጪው በእርስዎ ላይ ይጨመራል። ፋይሌን የሚይዘው ማን ነው፣ እረፍት ሲወጣስ ማን ይተካዋል? ግዢው መንገድ ላይ ቢቀር ስንት እከፍላለሁ? በርካሽ ዋጋ በጅምላ የሚሠሩ ድርጅቶች ለቀላል ፍሪሆልድ (መሬቱም የባለቤቱ የሆነ) ቤት ላይከፉ ይችላሉ፤ ለሊዝሆልድ (ለተወሰነ ዓመት በሊዝ የሚያዝ) አፓርታማ ግን በደወሉ ቁጥር ሌላ ሰው የሚያነሳበት ቢሮ አይመከርም።

2. ገንዘቡ ከየት መጣ?

የሐበሻ ገዢ ፋይል በብዛት የሚቆመው እዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው የሕገወጥ ገንዘብ መከላከያ ደንብ ጠበቃው የገንዘቡን ምንጭ እንዲያጣራ ያስገድደዋል፤ ካላጣራ ራሱ ይጠየቃል። ጥያቄው ሁለት ነው፦ ገንዘቡ አሁን የት ነው ያለው? እንዴትስ ተጠራቀመ? ቢያንስ የስድስት ወር የባንክ መግለጫ ያዘጋጁ፤ ብዙ ጊዜ ከዚያም ወደ ኋላ ይሄዳሉ። ከደሞዝ የተቆጠበ ገንዘብ አያስቸግርም። የሚያስቸግሩት እነዚህ ሦስቱ ናቸው።

እቁብ። ሃያ ሰው በወር 500 ፓውንድ ሲጥል ዕጣው 10,000 ፓውንድ ነው። የባንክ መግለጫው ላይ የሚታየው ግን ከማይታወቅ ሰው በአንድ ቀን የገባ 10,000 ፓውንድ ብቻ ነው። መፍትሔው ቤት ፍለጋ ከመጀመርዎ በፊት ይጀምራል። መዋጮውን በየወሩ በባንክ፣ በተመሳሳይ ማስታወሻ ቃል ይላኩ። ዕጣዎንም በባንክ ይቀበሉ። ዳኛው ወይም ጸሐፊው የአባላቱን ብዛት፣ የመዋጮውን መጠን፣ እቁቡ የተጀመረበትን ቀንና የእርስዎን ተራ ጽፎ ይፈርም፤ የመዝገቡን ቅጂና የመታወቂያውን ኮፒም ያያይዝ። ጠበቃው እቁብን ላያውቅ ይችላል። የካሪቢያን ሰዎች «ፓርድነር» የሚሉት ዓይነት ቁጠባ ነው ማለት ብዙ ማብራሪያ ያሳጥራል። አንድ የሚዘነጋ ነገር አለ፦ ዕጣው በአምስተኛው ወር ከወጣልዎ የቀሩት 15 ወራት የ7,500 ፓውንድ ዕዳ ናቸው፤ ባንኩ የመክፈል አቅምዎን ሲያሰላ ይህንን ማወቅ አለበት። ዕጣውን በጥሬ ገንዘብ ተቀብሎ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ወደ ባንክ ማስገባት ደግሞ ከሁሉ የከፋው ነው፤ ከፋፍሎ ማስገባት ራሱ የጥርጣሬ ምልክት ነው።

የቤተሰብ ስጦታ። ሰጪው ገንዘቡ ብድር እንዳልሆነ፣ በቤቱም ላይ ድርሻ እንደማይጠይቅ ጽፎ ይፈርማል፤ መታወቂያውንና የባንክ መግለጫውንም ይሰጣል። በሐበሻ ስም አባትና ልጅ አንድ የቤተሰብ ስም ስለማይጋሩ ዝምድናውን የሚያሳይ የልደት ሰርተፍኬት ቀድመው ያስተርጉሙ። በእርግጥ ብድር ከሆነ ግን የስጦታ ደብዳቤ አይፈርሙ፤ ለባንክ ሐሰት ማቅረብ ወንጀል ነው።

ከኢትዮጵያ የሚመጣ ገንዘብ። ቤት ወይም መኪና ተሸጦ ከሆነ የሽያጭ ውሉ፣ ገንዘቡ የገባበት የባንክ ደረሰኝና የተረጋገጠ ትርጉም ያስፈልጋል። በጥቁር ገበያ ብር እዚያ ተከፍሎ ፓውንዱ ከማያውቁት ሰው ሂሳብ ሲገባ ግን ሰንሰለቱ ተበጥሷል። ታሪኩ ምንም ያህል እውነት ቢሆን ያንን ክፍተት የሚሞላ ወረቀት የለም፤ ጠበቃውም ሥራውን ሊያቆም ይችላል። ጠበቃው በድንገት ዝም ካለና ምክንያቱን ካልነገረዎት ለባለሥልጣን አመልክቶ ሊሆን ይችላል፤ እንዲህ ሲሆን ለደንበኛው መንገር ሕጉ ይከለክለዋል። መጮህ አይጠቅምም።

3. «የመጀመሪያ ቤት ገዢ ነኝ» ከማለትዎ በፊት

ለቤት ግዢው ግብር፣ ማለትም ለስታምፕ ዱቲ፣ የመጀመሪያ ገዢ የሚባለው በዓለም ላይ የትም ቢሆን መኖሪያ ቤት ኖሮት የማያውቅ ሰው ነው። አዲስ አበባ ያለ ኮንዶሚኒየምም ሆነ ከወላጅ የተወረሰ ድርሻ ይቆጠራል። ልዩነቱን በ400,000 ፓውንድ ቤት ይመልከቱት። ከኤፕሪል 2025 ጀምሮ ባለው ስሌት የመጀመሪያ ገዢ 5,000 ፓውንድ፣ ሌላው 10,000 ፓውንድ ስታምፕ ዱቲ ይከፍላል። ሌላ ቦታ 40,000 ፓውንድና ከዚያ በላይ የሚያወጣ ቤት ያለው፣ የሚኖርበትን ቤት ሸጦ እየተካ ካልሆነ በቀር፣ በጠቅላላው ዋጋ ላይ 5 በመቶ ተጨምሮበት 30,000 ይደርሳል። ለዚህ ጭማሪ አብረው የሚኖሩ ባልና ሚስት እንደ አንድ ስለሚታዩ በትዳር ጓደኛዎ ስም ያለው ቤትም ይገባበታል። ከ500,000 ፓውንድ በላይ ለሆነ ቤት የመጀመሪያ ገዢ ቅናሽ ጭራሽ የለም። ቅጹን ጠበቃው ይሞላል፤ ስህተት ቢገኝ የሚጠየቁት ግን እርስዎ ነዎት። የውርስ ድርሻ ካለዎት መጠኑንና የተወረሰበትን ቀን ጠቅሰው ምክር በጽሑፍ ይጠይቁ።

4. ወረቀቶቹ

ጠበቃው ቤቱን ሄዶ አያይም። የሚያየው የላንድ ሬጅስትሪ (የመሬትና ቤት ምዝገባ መሥሪያ ቤት) መዝገብን፣ የሻጩን መልሶችና የማዘጋጃ ቤት፣ የውሃና የአካባቢ ፍተሻዎችን ነው። ስለዚህ የቦታውን ፕላን በእጅዎ ይዘው ቤቱ ድረስ ይሂዱ። ቀዩ መስመር አጥሩን፣ የመኪና ማቆሚያውን፣ የጓሮውን መተላለፊያ ያካትታል? ጓዳው ተገፍቶ ተሠርቶ ወይም ጣሪያው ውስጥ ክፍል ወጥቶ ከሆነ ለጠበቃው ይንገሩት፤ ካልነገሩት አያውቅም። የዚህ ግንባታ ፈቃድ ካልተገኘ ብዙ ጊዜ የሚቀርበው መፍትሔ ፈቃድ ባለመኖሩ ለሚመጣ ኪሳራ የሚከፍል ኢንሹራንስ ነው። ያ ኢንሹራንስ ሳይገዛ ለማዘጋጃ ቤቱ ደውለው «ፈቃድ አለው ወይ?» ብለው ከጠየቁ ኢንሹራንሱን ላያገኙ ይችላሉ። ኢንሹራንሱ ደካማ ግድግዳን እንደማያጠነክርም አይርሱ፤ ለዚያ የራስዎን መሐንዲስ ይላኩ።

አፓርታማ ከሆነ የሊዙን ቀሪ ዓመት፣ የመሬት ኪራዩን አጨማመር፣ የሦስት ዓመት የሰርቪስ ቻርጅ (የሕንጻው የጋራ ጥገናና አገልግሎት ክፍያ) ሂሳብና የታቀደ ትልቅ ጥገና ይጠይቁ። ከ80 ዓመት በታች የወረደ ሊዝ ለማራዘም ይወደዳል፤ አንዳንድ ባንኮችም አይወዱትም። ሕንጻው 11 ሜትር ወይም አምስት ፎቅና ከዚያ በላይ ከሆነ ከለንደኑ የግሬንፌል ሕንጻ ቃጠሎ በኋላ በ2022 የወጣው የሕንጻ ደህንነት ሕግ የሚጠይቃቸው ሰርተፍኬቶች መኖራቸውን ያረጋግጡ።

5. በማን ስም?

ወንድምና እህት ወይም ጓደኛሞች ሆነው የሚገዙ ይህን በዝምታ ያልፉታል። «ጆይንት ቴናንትስ» ከሆናችሁ አንዱ ሲሞት ቤቱ፣ ኑዛዜው ምንም ቢል፣ ለቀሪው ባለቤት ያልፋል። «ቴናንትስ ኢን ኮመን» ከሆናችሁ እያንዳንዱ የራሱ ድርሻ ይኖረዋል። አንዱ 70,000 ሌላው 30,000 ፓውንድ አዋጥቶ ከሆነ ሁለተኛውን መርጣችሁ ድርሻውን በተለየ ሰነድ አስጽፉ። ስሙ ሰነዱ ላይ የሌለ፣ ገንዘብ ግን ያዋጣ ዘመድ ካለ አሁኑኑ ለጠበቃው ይነገር።

6. ከፊርማ እስከ ቁልፍ

አብዛኛውን ጊዜ 10 በመቶ በኤክስቼንጅ ይከፈላል፤ ከዚያ በኋላ ሐሳብዎን ቢቀይሩ እሱን ያጣሉ። በተለመደው ውል ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ቤቱ ቢቃጠል ኪሳራው የእርስዎ ስለሆነ የቤት ኢንሹራንሱ በዚያው ቀን መጀመር አለበት፤ ቁልፉ እስኪመጣ አይጠበቅም።

ገንዘብ ሲልኩ የጠበቃው የባንክ ቁጥር «ተቀይሯል» የሚል ኢሜይል ከደረሰዎት አያምኑት። አጭበርባሪዎች በጠበቃውና በደንበኛው መካከል ያለውን ኢሜይል ሰብረው ገብተው ሂሳቡ ሊተላለፍ ሲል ነው የሚጽፉት። ኢሜይሉ ላይ ባለው ስልክ ሳይሆን መጀመሪያ በተሰጠዎት ቁጥር ደውለው እያንዳንዱን አሃዝ ያስነብቡ።

ገንዘቡ የሻጩ ጠበቃ ዘንድ ሲደርስ ቁልፉን ከደላላው ይወስዳሉ። ግብሩ በ14 ቀን ውስጥ ይከፈላል፤ ምዝገባው ግን ወራት ሊወስድ ይችላል። ሲያልቅ የመዝገቡን ቅጂ አስልከው የስምዎን ፊደላት ከፓስፖርትዎ ጋር አንድ በአንድ ያስተያዩ። ከዚያ ላንድ ሬጅስትሪ በነጻ በሚሰጠው የንብረት ማስጠንቀቂያ አገልግሎት ይመዝገቡ፤ በቤትዎ መዝገብ ላይ ሌላ ሰው ሲያመለክት ኢሜይል ይደርስዎታል።