በሜሪላንድ ሆነው በኢንተርኔት ለሚሸጡ፦ የሽያጭ ታክስና የሒሳብ መዝገብ

ከአገር ቤት መጥተው ሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ ሌላ የሜሪላንድ ከተማ ከተቀመጡ በኋላ፣ ከመደበኛ ሥራቸው ጎን ለጎን የሐበሻ ልብስ፣ ነጠላ፣ ጀበና፣ በርበሬ ወይም የተቆላ ቡና በኢንተርኔት መሸጥ የሚጀምሩ ወገኖች ብዙ ናቸው። አጀማመሩ ቀላል ነው፤ ዕቃው በቲክቶክ ላይቭ ይታያል፣ ገዢዋ አድራሻዋን በቴሌግራም ትልካለች፣ ገንዘቡ በዜል ይገባል፣ ዕቃው በፖስታ ቤት ይላካል። ችግሩ የሚመጣው ዓመቱ ሲያልቅ፣ ከገባው ገንዘብ ውስጥ የትኛው የሻጩ፣ የትኛው የስቴቱ፣ የትኛው ደግሞ የእቁብ እንደነበር መለየት ሲያቅት ነው። ይህ ጽሑፍ ገንዘቡን ከመጀመሪያው ሽያጭ ጀምሮ ለያይቶ መያዝ እንዴት እንደሚቻል ያስረዳል። የተጻፈው ሜሪላንድ ለሚኖር ሻጭ ስለሆነ፣ ሌላ ስቴት ያሉ አንባቢዎች የታክሱን መጠንና ታክሱ ለመሥሪያ ቤቱ የሚታወቅበትን ቀን ከስቴታቸው የታክስ መሥሪያ ቤት ያረጋግጡ።

ከሁሉ በፊት አንድ ማሳሰቢያ አለ። በራስ ስም ነግዶ ማትረፍ እንደ ሥራ ይቆጠራል፤ ስለዚህ የሥራ ፈቃድዎ ገና ያልመጣ ከሆነ ወይም በተማሪ ቪዛ የሚኖሩ ከሆነ፣ ሱቅ ከመክፈትዎ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያማክሩ። የታክስ ስሕተት በገንዘብ ሊታረም ይችላል፤ የቪዛው ግን እንዲህ አይቀልም።

በኢትዮጵያ ነግዶ የሚያውቅ ሰው የተጨማሪ እሴት ታክስን አሠራር ወደዚህ ይዞ መምጣት የለበትም። በአገር ቤት 15 በመቶው በየደረጃው ይከፈልና ነጋዴው ሲገዛ የከፈለውን ሲሸጥ ከሰበሰበው ላይ ያቀናንሳል። በአሜሪካ የሽያጭ ታክስ ላይ እንዲህ ያለ ማቀናነስ የለም፤ ታክሱ የሚከፈለው አንድ ጊዜ፣ በመጨረሻው ገዢ ብቻ ነው። ሊሸጡት ያሰቡትን ዕቃ ከጅምላ አከፋፋይ ሲገዙ ሪሴል ሰርተፊኬት የሚባለውን ወረቀት ሞልተው ይሰጡታል፤ እሱም ታክስ ሳይጨምር ይሸጥልዎታል። ለራስዎ መገልገያ የሚገዙት፣ ለምሳሌ የላይቩ መብራት ወይም የአድራሻ ማተሚያው፣ በዚህ ወረቀት አይሸፈንም። በወረቀቱ ገዝተው ካመጡት ነጠላ አንዱን ለእኅትዎ ሠርግ በስጦታ ቢሰጡ እንኳ፣ ዕቃው ከንግድ ወጥቶ ለግል ስለዋለ ታክሱን እርስዎ ለስቴቱ ይከፍላሉ።

የፌዴራሉ መንግሥት የሽያጭ ታክስ የለውም፤ ጉዳዩ የስቴቶች ነው። በስቴት ደረጃ ይህን ታክስ የማያስከፍሉት ኦሪገን፣ ሞንታና፣ ዴላዌር፣ ኒው ሃምፕሻየርና አላስካ ብቻ ሲሆኑ፣ በአላስካ ግን ከተሞቹ በራሳቸው ያስከፍላሉ። ሜሪላንድ ከብዙዎቹ ይልቅ ለሻጭ ትመቻለች፤ ካውንቲ የሚጨምረው ነገር ስለሌለ መጠኑ በሁሉም ቦታ 6 በመቶ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንምጣ፤ ታክሱን ማን ይሰበስባል? መልሱ የሚወሰነው ዕቃው በተሸጠበት መንገድ ነው። በአማዞን፣ በኤትሲ፣ በኢቤይ ወይም በቲክቶክ ሾፕ በኩል ሲሸጡ ታክሱን ከገዢው የሚቀበለውም ለስቴቱ የሚያስገባውም የገበያው ባለቤት ነው፤ ሜሪላንድ ይህን ግዴታ በእነዚህ ድርጅቶች ላይ የጣለችው ከጥቅምት 1 ቀን 2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነው። በራስዎ ድረ ገጽ፣ በቴሌግራም ቡድን ወይም በስልክ ሸጠው ገንዘቡን በዜል፣ በካሽ አፕ ወይም በእጅ ሲቀበሉ ግን ሰብሳቢው እርስዎ ነዎት። ሾፒፋይን የመሰለ አገልግሎት ለድረ ገጽዎ ታክሱን ሊያሰላልዎት ይችላል፤ ማስላቱ ግን ማስገባቱን አይተካም፤ የተሰላው ገንዘብ ወደ እርስዎ ሒሳብ ገብቶ እርስዎ እስኪያስገቡት ይጠብቃል። ከወገኖቻችን መካከል የሚቸገሩት አማዞን ላይ የሚሸጡት አይደሉም፤ ላይቩን ቲክቶክ ላይ አድርገው ክፍያውን በዜል የሚቀበሉት ናቸው፤ ምክንያቱም መድረኩ ታክሱን የሰበሰበላቸው ይመስላቸዋል።

ሜሪላንድ የሚኖር ሻጭ ለሜሪላንድ ገዢ በቀጥታ ሲሸጥ መነሻ ገደብ የለም፤ ግዴታው ከመጀመሪያው ዶላር ይጀምራል። ሌላ ስቴት ላለ ገዢ ሲልኩ ግን ነገሩ ይለያል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰኔ 21 ቀን 2018 እ.ኤ.አ. በደቡብ ዳኮታና በዌይፌር ኩባንያ ጉዳይ በሰጠው ውሳኔ፣ ስቴቶች በግዛታቸው ሱቅም ሠራተኛም የሌለውን ሻጭ በሽያጩ ብዛት ብቻ ታክስ ሰብስብ እንዲሉት ፈቀደ። ብዙዎቹ ገደቡን በዓመት 100,000 ዶላር ላይ ሲያደርጉ፣ ካሊፎርኒያና ቴክሳስ 500,000 አድርገውታል። ለትንሽ ሻጭ ይህ ሩቅ ነው፤ ሆኖም አንዳንድ ስቴቶች ከዶላሩ ሌላ 200 ሽያጭንም እንደ መለኪያ ስለሚይዙ፣ በ15 ዶላር የቡና ሲኒ የሚሸጥ ሰው ሳያውቀው ሊደርስበት ይችላል። ስለዚህ የእያንዳንዱ ሽያጭ መድረሻ ስቴት በመዝገቡ ላይ መኖር አለበት።

ከገደቡ ይልቅ እኛን የሚመለከተን በአካል መገኘት ነው። በየዓመቱ በሐምሌ መጀመሪያ አካባቢ ከከተማ ከተማ እየተዘዋወረ በሚካሄደው የሰሜን አሜሪካ ኢትዮጵያውያን የእግር ኳስ ውድድር ወይም በእንቁጣጣሽ ባዛር ላይ ቦታ ተከራይተው ልብስ የሚሸጡ ከሆነ፣ በዚያ ስቴት ውስጥ በአካል ነግደዋል ማለት ነው፤ 100,000 ዶላር አልደረስኩም ማለት አይጠቅምም። ከመሄድዎ በፊት የዚያን ስቴት ጊዜያዊ የሽያጭ ፈቃድ ይጠይቁ፤ አዘጋጆቹም ብዙ ጊዜ ቦታውን ከማከራየታቸው በፊት ቁጥሩን ይፈልጉታል። ዕቃዎን በሌላ ስቴት ባለ የአማዞን መጋዘን ማስቀመጥም እንደዚሁ በአካል እንደ መገኘት ሊቆጠር ይችላል።

ምዝገባው የሚፈጸመው በሜሪላንድ ኮምፕትሮለር መሥሪያ ቤት፣ ሜሪላንድ ታክስ ኮኔክት በሚባለው ድረ ገጹ ላይ ነው። ፈቃዱ ሲወጣ በየወሩ፣ በየሩብ ዓመቱ ወይም በሌላ ጊዜ እንዲያስታውቁ ይመደባሉ፤ የታክስ ማሳወቂያው የሚገባው ጊዜው ባለቀ በሚቀጥለው ወር እስከ 20ኛው ቀን ነው። ምንም ባይሸጡም ዜሮ ብለው ያስታውቃሉ፤ ዝም ማለት ዜሮ ማለት አይደለም። ሲዘገይ ከወለዱ በተጨማሪ እስከ 10 በመቶ ቅጣት አለ። የአሠሪ መለያ ቁጥር የሚያስፈልግዎ ከሆነም ከአይ አር ኤስ (ከፌዴራሉ የግብር መሥሪያ ቤት) ድረ ገጽ በነጻ ይገኛል፤ ለዚህ ገንዘብ የሚጠይቁ ድረ ገጾች መንግሥት አይደሉም። ኤልኤልሲ፣ ማለትም ኃላፊነቱ የተወሰነ ድርጅት ማቋቋም፣ የግድ አይደለም። የሜሪላንድ ኤልኤልሲ ምንም ባይሸጥ እንኳ በየዓመቱ እስከ ሚያዝያ 15 ሪፖርት ማስገባትና በመደበኛው 300 ዶላር መክፈል ስላለበት፣ ለሙከራ የሚጀምር ሰው በራሱ ስም ቢሠራ ይቀለዋል ባይ ነኝ። ደግሞም ሰብስበው ላላስገቡት የሽያጭ ታክስ ኤልኤልሲ ጋሻ አይሆንም፤ ሥራውን የሚመራው ሰው በግሉ ሊጠየቅ ይችላል።

ምን ላይ ታክስ እንደሚሰላ ከስቴት ስቴት ይለያያል። ልብስ በሜሪላንድ ታክስ አለበት፤ በፔንሲልቬኒያ፣ በኒው ጀርሲና በሚኒሶታ ግን የዘወትር ልብስ ነጻ ነው። ሜሪላንድም በነሐሴ አንድ ሳምንት፣ ዋጋቸው 100 ዶላርና ከዚያ በታች የሆኑ ልብሶችንና ጫማዎችን ከታክስ ነጻ ታደርጋለች፤ ነጠላ በዚህ ሊያልፍ ሲችል የ250 ዶላር ቀሚስ ግን አያልፍም። ለቤት ማብሰያ የሚሸጥ በርበሬና ሽሮ በሜሪላንድ በጥቅሉ ታክስ የለበትም፤ በቨርጂኒያ 1 በመቶ አለበት።

መዝገቡ ምን እንደሚመስል በአንድ ሽያጭ እንየው። እዚሁ ሜሪላንድ ሮክቪል ለምትኖር ደንበኛ አንድ ነጠላ በ80 ዶላር በቀጥታ ሸጡ እንበል። ታክሱ 4 ዶላር ከ80 ሳንቲም ነው። የማድረሻው 9 ዶላር በደረሰኙ ላይ ለብቻው ከተጻፈ ታክስ አይሰላበትም፤ ከማሸጊያ ክፍያ ጋር በአንድ ቁጥር ከተጻፈ ግን ይሰላበታል። ደንበኛዋ በዜል የምትልከው 93.80 ነው። በመዝገብዎ ላይ «93.80 ገባ» ብቻ ብሎ መጻፍ የባንኩን ወረቀት መገልበጥ ነው። መስመሩ ቀኑን፣ የደረሰኙን ቁጥር፣ ዕቃው የተላከበትን ስቴት፣ የዕቃውን ዋጋ 80፣ ታክሱን 4.80፣ ማድረሻውን 9፣ ለፖስታ ቤት በእውነት የተከፈለውን፣ የተሸጠበትን መንገድና ነጠላው የተገዛበትን ዋጋ በየራሳቸው ዓምድ መያዝ አለበት። ለዚህ ተራ የኤክሴል ሠንጠረዥ ይበቃል። 4.80ውን በዚያው ሳምንት ወደ ሌላ የቁጠባ ሒሳብ ያዛውሩት፤ የስቴቱ ገንዘብ ነውና ከእርስዎ ጋር በአደራ የተቀመጠ ነው። «ታክሱን ጨምሮ 80» እያሉ የሚሸጡ አሉ፤ በደረሰኙ ላይ ለብቻው ያልተጻፈ ታክስ እንደተሰበሰበ ማስረዳት ስለሚያስቸግር ስቴቱ 6 በመቶውን ከሙሉው ዋጋ ላይ ሊጠይቅ ይችላል።

ለንግዱ ብቻ የሚሆን የባንክ ሒሳብ መክፈት ሌላው ቀርቶ ለእቁቡ ሲባል አስፈላጊ ነው። እቁብ ሲደርስዎ የሚገባው ገንዘብ ገቢ አይደለም፤ በየወሩ የሚጥሉትም የንግድ ወጪ አይደለም። ነገር ግን አሥር ሰው በዜል የላከው 10,000 ዶላር ከሽያጩ ጋር በአንድ ሒሳብ ውስጥ ከተደባለቀ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ የሚመለከተው መርማሪ እንደ ሽያጭ ቢቆጥረው አይፈረድበትም። እቁቡ በግል ሒሳብዎ ይዙር፤ የአባላቱን ዝርዝርና የዕጣውን ቅደም ተከተል ያስቀምጡ፤ በእቁቡ ብር ዕቃ ሲገዙም ከግል ወደ ንግድ የተዛወረ መነሻ ገንዘብ ብለው ይመዝግቡት።

የግዢ ደረሰኝ ሌላው ጣጣ ነው። ከሽሮ ሜዳ የሚመጣው ደረሰኝ ብዙ ጊዜ በእጅ የተጻፈ፣ በብርና በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው። ጀርባው ላይ ሦስት ነገር ይጻፉ፦ የአውሮፓውን ቀን፣ በዚያ ቀን የነበረውን የምንዛሪ ተመንና በዶላር ስንት እንደሆነ። መስከረም 10 ቀን 2018 የተገዛ ዕቃ መስከረም 20 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. የተገዛ ነው። የብር ተመን ከሐምሌ 29 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ስለተለቀቀ፣ ዓመቱን ሙሉ በአንድ ተመን ማስላት ትክክለኛውን ወጪ አያሳይም። ገንዘቡ የተላከበትን ማስረጃም ከደረሰኙ ጋር ያያይዙ። በፖስታ ለሚመጣ ጥቅል የነበረው የ800 ዶላር የቀረጥ ነጻ መብት ከነሐሴ 29 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ታግዷል፤ ኢትዮጵያም ከጥር 1 ቀን 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከአጎዋ ወጥታለች። ስለዚህ የከፈሉት ቀረጥ የዕቃው ዋጋ አካል ሆኖ ይመዘገባል። በሻንጣ የሚመጣ ለሽያጭ የታሰበ ዕቃም የግል መገልገያ ተብሎ አያልፍም፤ ለጉምሩክ ይነገራል።

የገቢ ግብሩ ከሽያጭ ታክሱ የተለየ ጉዳይ ነው፤ እሱን የሚጠይቀው አይ አር ኤስና ስቴቱ ናቸው። ዓመቱ ከጥር 1 እስከ ታኅሣሥ 31 በአውሮፓ አቆጣጠር ስለሆነ፣ ለገና በዓል የታዘዘ ልብስ በታኅሣሥ መጨረሻ ከተከፈለ ባለቀው ዓመት፣ በጥር ከተከፈለ በአዲሱ ዓመት ይገባል። ትርፍና ወጪው ስኬጁል ሲ በሚባለው የግብር ቅጽ ላይ ይሞላል፤ የተጣራው ትርፍ 400 ዶላር ከደረሰ ከገቢ ግብሩ ሌላ የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር 15.3 በመቶ ይጨመራል፤ ተቀጣሪ ሲሆኑ ግማሹን አሠሪዎ ይከፍል ነበር። በዓመቱ 1,000 ዶላርና ከዚያ በላይ የሚፈለግብዎ ከመሰለ በሚያዝያ፣ በሰኔ፣ በመስከረምና በሚቀጥለው ጥር 15 በአራት ከፍሎ መክፈል ይጠበቃል። ደመወዝ ያለው ሰው ግን አሠሪው ዘንድ ዳብሊው-4 የሚባለውን የደመወዝ ግብር ቅጽ አስተካክሎ ከደመወዙ ትንሽ ተጨማሪ እንዲቆረጥለት ቢያደርግ ከአራቱ ቀኖች ይገላገላል።

የሸጡበት መድረክ የተቀበሉትን ክፍያ ለአይ አር ኤስ የሚያሳውቅበት 1099-ኬ የሚባለው ቅጽ ሲደርስዎ አይደንግጡ። ቅጹ የሚያሳየው ጠቅላላ ሽያጩን ነው፤ መድረኩ ኮሚሽኑን፣ ተመላሽ ገንዘቡንና ማድረሻውን ቀንሶ ካስገባልዎት ይበልጣል፤ ልዩነቱን የሚያስረዳው የእርስዎ መዝገብ ነው። ዜል ይህን ቅጽ አይልክም፤ ገቢው ግን ያው ገቢ ነው። ወደ ፖስታ ቤት የነዱትን ማይል በቀን በቀን ይጻፉ፤ በ2025 እ.ኤ.አ. ለአንድ ማይል 70 ሳንቲም ወጪ ሆኖ ይያዛል። ደረሰኞችን ቢያንስ ለአራት ዓመት ያቆዩ፤ በሙቀት የሚታተሙት ስለሚደበዝዙ ፎቶ ያንሷቸው።

ንግዱን ካቆሙ ፈቃዱ በራሱ አይዘጋም። የመጨረሻውን የታክስ ማሳወቂያ አስገብተው፣ የቀረውን ታክስ ከፍለው ሒሳቡ እንዲዘጋ በሜሪላንድ ታክስ ኮኔክት ይጠይቁ፤ የመዘጋቱን ማረጋገጫም ከመዝገቡ ጋር ያስቀምጡ፤ አለበለዚያ ያላስታወቁት ወር እያሉ ደብዳቤ መላካቸውን ይቀጥላሉ።