ቁልቁለት ማራቶን ለምትሮጡ፦ ጭናችሁን አስቀድማችሁ አለማምዱ

በአሜሪካ ዩታ ግዛት የሚካሄደው የሴንት ጆርጅ ማራቶን በቀያይ ዐለቶች መካከል 780 ሜትር ገደማ ቁልቁል ስለሚወርድ፣ ብዙ ሯጮች ፈጣን ሰዓት ለማስመዝገብና ድንቅ መልክዓ ምድሩን ለማየት ይመርጡታል። ይሁን እንጂ ቁልቁለት ትንፋሽን ቢያሳርፍም፣ የፊት ጭን ጡንቻ እየተለጠጠ የሰውነትን ክብደት መግታት ስላለበት ክፉኛ ይጎዳል፤ ጉዳቱም ጎልቶ የሚሰማው ዘግይቶ፣ ሩጫው ሊያልቅ ሲቃረብ ነው። ስለዚህ ከውድድሩ ሁለት ወር ገደማ አስቀድሞ በሳምንት አንድ ቀን ረዘም ያለ ቁልቁለት መሮጥ፣ በመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታት ግን ይህንኑ ማቆም ይገባል። በዕለቱ እርምጃን አሳጥሮ ማፍጠን እንጂ ተረከዝን እየተከሉ ፍጥነትን መግታት አይበጅም። 11ኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ የሚያጋጥመውን የቬዮ ዳገት፣ ሰዓት ቢባክንም እንኳ፣ በእርጋታ ውጡት። የእግር ጥፍራችሁንም ከቀናት በፊት ቁረጡ።