ከሰኔ 30 በኋላ ክፍያዬን ያገኘሁበት መንገድ

ኮምቦልቻ ላለ አንድ መሥሪያ ቤት ጠረጴዛና ወንበር ሠርቼ ያስረከብኩት ሰኔ ውስጥ ነው። ክፍያውን ስጠይቅ ግን ሐምሌ ገብቶ ነበርና የፋይናንስ ባለሙያው «ወንድሜ፣ በጀቱ ተዘግቷል» አለኝ።

በከፊል እውነቱን ነው። የመንግሥት በጀት ዓመት ሰኔ 30 ያበቃል፤ ሥራ ላይ ያልዋለ ገንዘብም ወደ ግምጃ ቤት ይመለሳል። ያልነገረኝ ሌላም ነገር አለ፦ ዕቃው ከዚያ ቀን በፊት ገቢ ከሆነ ዕዳው «የችሮታ ጊዜ ተከፋይ» ተብሎ ይመዘገብና በሐምሌ ወር ይከፈላል።

ጉዳዩ ሁሉ የተንጠለጠለው በሞዴል 19 ላይ ነው። ይህ የንብረት ገቢ ደረሰኝ ከሌለ ዕቃው ቢሮው ውስጥ ሰው ተቀምጦበት እንኳ ለሒሳብ ሠራተኛ እንዳልገባ ይቆጠራል። ንብረት ክፍል ሄጄ «እህቴ፣ እስኪ ጥራዙን እንየው» አልኳት። ደረሰኙ በሰኔ ተቆርጧል፤ ለፋይናንስ የሚሄደው ቅጂ ግን ከጥራዙ አልተገነጠለም! ቅጂውን ከግዥ ትዕዛዙና ከሽያጭ ደረሰኜ ጋር አያይዤ፣ «በችሮታ ጊዜ ተከፋይነት እንዲመዘገብልኝ» የሚል ማመልከቻ በመዝገብ ቤት በኩል በቁጥር አስገባሁ። በቃል ብቻ ብጠይቅ ኖሮ እስካሁን ደጅ እጠና ነበር።

ቼክ ላይ ከሚፈርሙት አንዱ ለሥልጠና ደሴ ወጥቶ ትንሽ አዘገየኝ እንጂ፣ ገንዘቡ ሐምሌ ሳያልቅ ባንክ ገባ።

ለመሥሪያ ቤት ዕቃ የምታቀርቡ፣ ከማስረከቢያው ክፍል ሳትወጡ ሞዴል 19 ላይ ያለውን ቀን አንብቡ። ሐምሌ ከተጻፈበት ይህ መንገድ አያገለግልም።