ማንጎ፣ ቲማቲም፣ የዓሣ ቋንጣና በርበሬ በባሕር ዳር ቤት፦ ለምን ይበላሻሉ? መፍትሄውስ?

በሌላ አገር የተጻፈ የማርማላታ አሠራር ባሕር ዳር ላይ እንዳለ ቢከተሉት ብዙ ጊዜ አይሰምርም። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው። ስለዚህ የሚጠበቀው ሙቀት ዝቅ ይላል፣ የመቀቀያው ሰዓት ደግሞ ይረዝማል። ሁለተኛው ጣጣ እርጥበት ነው። በክረምት በፀሐይ ይደርቃል ተብሎ የተሰጣ ነገር ይሻግታል፤ በበጋ የደረቀውም ክፍት ከተተወ መልሶ ይለሰልሳል።

የማንጎ ማርማላታ

መነሻው ልክ ይህ ነው፦ 1 ኪሎ የተላጠ የማንጎ ሥጋ (ከነልጣጩና ከነፍሬው ወደ 2 ኪሎ)፣ 750 ግራም ስኳር፣ 4 የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ። ክር የሚበዛበት ማንጎ ከሆነ መጀመሪያ በወንፊት ይጠለል። ልጣጩ ላይ ነጫጭ ቅርፊት የመሰለ ተባይ ቢታይ ታጥቦ ይላጥ፤ ሥጋው ደህና ከሆነ ማርማላታውን አይጎዳውም።

*አልረጋም፣ እንደ ሾርባ ይፈሳል።* ማርማላታ የሚረጋው ፔክቲን (ፍሬው ውስጥ ያለ የሚያረጋ ነገር)፣ አሲድና ስኳር ሲገናኙ ነው። ግንቦት ላይ ገበያውን የሚሞላው እጅግ የበሰለ ማንጎ ጣፋጭ ቢሆንም ፔክቲኑም አሲዱም አንሷል። ከአራት ማንጎ አንዱ ገና ጠንካራና ጎምዛዛ ይሁን። ዘይቱን (ጓቫ) ካገኛችሁ ደግሞ የተሻለ ነው፤ ለ1 ኪሎ ማንጎ 200 ግራም የተቀቀለና የተጠለለ ዘይቱን ይበቃል። የሎሚውን ፍሬና ነጩን ልጣጭ በንጹሕ ጨርቅ ቋጥሮ አብሮ ማፍላትም ይረዳል። ቀድሞ የተሠራውንና ያልረጋውን 1 ኪሎ በ1 ኪሎ ከፍላችሁ፣ 2 የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ ጨምራችሁ፣ አፈ ሰፊ ድስት ላይ በኃይለኛ እሳት መልሳችሁ አፍሉት። ድስት ሙሉ አንዴ ልሥራ ማለት አያዋጣም፤ ውሃው ሳይወጣ ፍሬው ይበስላል፣ ቀለሙም ይሞታል።

*ጠቆረ፣ ሙጫ ሆነ፣ ማንኪያ አይገባውም።* ቴርሞሜትር ይዞ 105 ዲግሪ የሚጠብቅ ሰው የሚደርስበት ይህ ነው። ያ ቁጥር በባሕር ጠለል ከፍታ ላለ አገር የተጻፈ ነው፤ እዚህ ማርማላታ የሚደርሰው በ98 ወይም በ99 ዲግሪ ነው። አስቀድማችሁ ንጹሕ ውሃ አፍሉና ቴርሞሜትሩ የሚያሳየውን አንብቡ፤ ከዚያ ቁጥር ላይ ከ4 እስከ 5 ዲግሪ ሲጨምር አውርዱ። ቴርሞሜትር ከሌለ ትንሽ ሳህን ፍሪዘር ውስጥ አቀዝቅዙ፤ ድስቱን ከእሳት አውርዳችሁ አንድ ጠብታ ሳህኑ ላይ ጣሉና አንድ ደቂቃ ጠብቁ። በጣት ሲገፋ ላዩ ከተጨማደደ ደርሷል፤ እንደ ውሃ ተመልሶ ከተገናኘ ገና ነው። ሙጫ የሆነው ካላረረ ፍል ውሃ ጠብ እያደረጉ በቀስታ ማላላት ይቻላል። ካረረ ግን ምሬቱ አይወጣም።

*ስኳሩ እንደ አሸዋ ይቆረጠማል።* ስኳሩ ሳይሟሟ ፈልቷል፣ ወይም ሎሚው አንሷል። ስኳሩ እስኪሟሟ እሳቱ ዝቅ ይበል፣ የድስቱ ጠርዝ ላይ የሚደርቀውም በረጠበ ማንኪያ ወደ ውስጥ ይመለስ።

*አረፋ አወጣ፣ ጠጅ ጠጅ ይላል፤ ወይም ላዩ ሻገተ።* ስኳር ሲወደድ መቀነስ ያጓጓል። ግማሹን የቀነሰ ሰው የሠራው የፍሪጅ ምግብ ነው፤ በሁለትና ሦስት ሳምንት ይበላ። መደርደሪያ ላይ ለሚቆየው ጠርሙሱ ለ16 ደቂቃ በፈላ ውሃ ይቀቀል፤ ማርማላታው በትኩሱ ይሞላ፣ አፉ ይጠረግ፣ ይከደን፣ ከዚያ ውሃ ውስጥ ጠልቆ ለ15 ደቂቃ ይፍላ። የላስቲክ ቀለበቱ የተበላ አሮጌ ክዳን አየር ያስገባል፤ ጠርሙሱን ደግማችሁ ብትጠቀሙ ክዳኑን ቀይሩ። የሻገተውን ከላይ ገፍፎ መብላት አይሆንም፤ መርዙ ወደ ታች ይዘልቃል።

የቲማቲም ድልህ

በመስኖ የሚለማው የፎገራ ቲማቲም ሲረክስ ሳጥን ሙሉ ይገዛል፣ ግማሹ ድልህ ይሆናል።

*ውሃው ለብቻው፣ ሥጋው ለብቻው ተለያየ።* ተከትፎ ብዙ ከተቀመጠ የራሱ ኢንዛይም ፔክቲኑን ይበላዋል። ትንሽ ትንሽ እየከተፋችሁ ወዲያው የፈላው ድስት ውስጥ ጨምሩ። የተለያየው ግን አልተበላሸም፤ አማስላችሁ ብሉት።

*ክዳኑ አበጠ፣ ሲከፈት ይተፋል።* ቅመሱና እዩ የሚባልበት ነገር አይደለም፤ ከነጠርሙሱ ይጣል። የቲማቲም አሲድ እንደ ዝርያውና እንደ ብስለቱ ስለሚለያይ ለግማሽ ሊትር ሩብ፣ ለአንድ ሊትር ግማሽ የሻይ ማንኪያ ሲትሪክ አሲድ ይጨመራል። የሎሚ ጭማቂ እዚህ አያስተማምንም፤ ጉምዛዜው ከፍሬ ፍሬ ይለያያል። ግማሽ ሊትሩ ለ50 ደቂቃ፣ አንድ ሊትሩ ለ1 ሰዓት ውሃ ውስጥ ጠልቆ ይፈላል። ይህ ሁሉ ለንጹሕ ቲማቲም ብቻ ነው። ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርትና ዘይት የገባበት ስልስ ቦታው ፍሪዘር ነው። ቦቱሊዝም የተባለውን ገዳይ የምግብ መመረዝ የሚያመጣው ባክቴሪያ ዘሩ በ94 ቀርቶ በ100 ዲግሪም አይሞትም፤ አሲድ በሌለበት በታሸገ ጠርሙስ ውስጥ ደግሞ ይመቸዋል። ሥጋና ዓሣም እንዲሁ በቤት ጠርሙስ አይታሸጉም።

የዓሣ ቋንጣ

ቆሮሶ (ቲላፒያ) ቅባቱ አነስተኛ ስለሆነ ለቋንጣ ይመረጣል። አምባዛም ይሆናል፤ ግን የሆዱ ስብ ተቆርጦ ይውጣ። ውፍረቱ ከ1 ሳንቲ ሜትር አይለፍ። ለ1 ኪሎ ሥጋ 200 ግራም ጨው ታሽቶበት፣ ውሃው ወደ ታች እንዲንጠፈጠፍ ተደርጎ ቀዝቃዛ ቦታ ይደር፤ ጠዋት በንጹሕ ውሃ ለቅለቅ ተደርጎ ይሰቀል።

*ላዩ እንደ እንጨት ደርቆ ውስጡ ይሸታል።* ቁራጩ ወፍሯል፣ ወይም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የቀትር ፀሐይ ላይ ዋለ። ላዩ ሲቆልፍ የውስጡ ውሃ መውጫ ያጣል። የመጀመሪያውን ቀን ነፋስ ያለበት ጥላ ውስጥ ይዋል፣ ፀሐዩ ከሁለተኛው ቀን ይጀምር። ማታ ይግባ፤ የሐይቁ ዳር ጤዛ ቀን የደረቀውን መልሶ ያረጥበዋል። አንዱን ወፍራም ቁራጭ መሃሉ ላይ ስበሩት፦ ቀጭ ብሎ ከተሰበረና ውስጡ ከላዩ ጋር አንድ ዓይነት ከሆነ ደርቋል፤ ከታጠፈ ገና ነው። 1 ኪሎው ወደ 300 ግራም ሲወርድም ምልክት ነው። የሸተተው ግን ቢደርቅም አይበላም።

*ትል ወጣበት።* ጨው አንሶ፣ ዝንብ እንቁላል ጥሎበታል። በንጹሕ መረብ ይሸፈን። አሮጌ አጎበር ግን አይሁን! ለወባ የሚታደለው አጎበር ፀረ ተባይ የተነከረበት ነው፣ ከምግብ ጋር አይነካካም።

*ቢጫ ሆነ፣ ይመራል።* ስቡ ከአየር ጋር ተገናኝቶ ተበላሽቷል። አምባዛ ላይ ይበዛል፤ ጨለማና ቀዝቃዛ ቦታ በጥብቅ በተከደነ ዕቃ አስቀምጡ፣ በሁለት ወር ውስጥም ጨርሱት።

*ሮዝ መልክ አወጣ።* ጨው የሚወድ ባክቴሪያ ነው፣ ካልተጣራ ጨው ይመጣል። ያሟለጨ ወይም የሸተተ ከሆነ ይጣል።

ጨው ከበዛ ከመሠራቱ በፊት ውሃውን እየቀያየሩ 2 ሰዓት መዘፍዘፍ ይበቃል።

በርበሬ

*ዛላው ሲሰነጠቅ ውስጡ ግራጫ ሻጋታ አለው።* ክብደት እንዲያነሳ ውሃ የተረጨበት፣ ወይም ሳይደርቅ ጆንያ የገባ ነው። ስትገዙ ከጆንያው መሃል ጥቂት ዛላ አውጥታችሁ ሰንጥቁ፤ ሲነቀነቅ ፍሬው የማይንኳኳ ዛላ አልደረቀም። የሻገተው ተለቅሞ ይጣል። ማመስም መቀቀልም አፍላቶክሲን የተባለውን የሻጋታ መርዝ አያጠፋም።

*ተፈጭቶ ጓጎለ።* ነጭ ሽንኩርቱ፣ ዝንጅብሉና በሶብላው ከተደለዘ በኋላ በደንብ ሳይሰጣ ወደ ወፍጮ ሄዷል። ገና ካልሻገተ ሰፌድ ላይ በስሱ ተሰጥቶ፣ ምጣድ ላይ በለሰለሰ እሳት ሞቅ ተደርጎ፣ ቀዝቅዞ ይነፋ። ትኩሱን ዕቃ ውስጥ መክተት ክዳኑ ላይ ላብ ያወጣል፤ ላቡም ተመልሶ በርበሬው ላይ ይንጠባጠባል።

*መረረ።* ብዙ ጊዜ አብሹ አሯል። ቅመሞቹ እያንዳንዳቸው ለየብቻ ይታመሱ፤ ድንብላልና አብሽ እኩል አይደርሱም።

ንጥር ቅቤ

*ሳይቆይ ኮመጠጠ፣ ከሥር ውሃ አለው።* ቶሎ ወርዷል። አረፋው ተገፎ ካለቀ በኋላ የመንጣጣት ድምፁ ዝም እስኪልና ዘይቱ ጠርቶ የድስቱ ወለል እስኪታይ በዝቅተኛ እሳት ይቆይ። ዝቃጩ ሳይነካ በጨርቅ ይጠለል። ውሃ ያለበት ቅቤ መልሶ ቢነጠር ይድናል፤ ከቀመሱት በኋላ ጉሮሮ የሚከረክር ከሆነ ግን ስቡ ተበላሽቷል፣ ኮሰረትም አይሸፍነውም።