ድንቹ እርጥብ መሬት ላይ ሆኖ ከጠወለገ

ይህን የምጽፈው ጎጃም ውስጥ ድንች ለምታለሙ ነው፤ ጓሮም ይሁን ማሳ። ማረሙን፣ መኮትኮቱን፣ ውሃ ማጠጣቱን ታውቁታላችሁ። በቀጥታ ወደ ምልክቱ ልግባ።

ቡቃያው ከአፈር ላይ ተቆርጦ ጠዋት ወድቆ ከተገኘ። ቆራጭ ትል ነው። ሥሩ አጠገብ አፈሩን በጣት ጫር ጫር አድርጉ፤ ተጠቅልሎ ተኝቶ ታገኙታላችሁ። ለቅማችሁ ግደሉት።

ቅጠሉ ወደ ላይ ተጠቅልሎ ተክሉ ከቀጨጨ። ቫይረስ ነው። ወይ ክሽክሽ (ቅጠል የሚመጥ ትንሽ ነፍሳት) አምጥቶታል፣ ወይ ከዘሩ ጋር መጥቷል። ንቀሉት፤ ከእሱ ዘር አታስቀሩ።

ቅጠሉ ላይ ውሃ የነካው የሚመስል ጥቁር ቡናማ ምልክት ከወጣ። ጠዋት ጤዛው ሳይደርቅ ቅጠሉን ገልብጡት። በምልክቱ ዳር ነጭ ሻጋታ ካለ ምች የሚባለው የድንች በሽታ ነው። እንደ እንጅባራና ሰከላ ባለው ደጋ፣ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ደመናና ካፊያ ሲበዛ ማሳውን በጥቂት ቀን ያጠቁረዋል። ማንኮዜብ በሽታው ሳይገባ የሚረጭ መከላከያ ነው፤ የገባውን አያወጣም። ምልክቱ ገና እንደጀመረ ሪዶሚል የተባለው መድኃኒት ይሻላል፤ እሱንም ቢሆን ደጋግማችሁ እሱን ብቻ አትርጩ፣ በሽታው ይለምደዋል። በለጠ የተባለው የድንች ዝርያ ምችን ከብዙዎቹ በተሻለ ይቋቋማል። መርጫውን ምንጭ ላይ አትጠቡ፤ ያንን ውሃ ልጆች ይጠጡታል።

ቅጠሉ አረንጓዴ እንደሆነ፣ መሬቱም እርጥብ እያለ፣ ቀትር ላይ ጠውልጎ ማታ ቀና ካለ። ሰው በየጊዜው የሚጠራኝ ለዚህ ነው። ይህ አጠውልግ በሽታ ነው። አምጪው ባክቴሪያ ነው። በሥር ይገባና ግንዱ ውስጥ ያለውን የውሃ መንገድ ይዘጋል። ተክሉ ውሃ መሃል ቆሞ ይጠማል ማለት ነው። ብዙ ጊዜ ከአንድ ጉድጓድ አንዱ ግንድ ብቻ ይጀምራል። ከጥቂት ቀን በኋላ ማታም ቀና አይልም።

መራዊ አካባቢ፣ የቆጋ መስኖ ከሚደርሳቸው ማሳዎች በአንዱ ያየሁት እስከዛሬ ያንገበግበኛል። ባለማሳው መጀመሪያ ውሃ አነሰው ብሎ ማጠጣቱን ጨመረ። ቀጥሎ ምች መስሎት ሦስት ጊዜ መድኃኒት ረጨ። በዚህ መሃል የቦዩ ውሃ በሽታውን ከላይኛው ጥግ እስከ ታችኛው አወረደው። ስደርስ ከማሳው ግማሹ ተኝቷል። «አያ፣ ይህን የሚያድን መድኃኒት የለም» ስለው አላመነኝም። የሸጠለት ሰው ይሠራል ብሎታል። ምን እንደያዘው ሳይጠይቁ መድኃኒት የሚሸጡ ሰዎች ገበሬውን ሁለት ጊዜ ያከስሩታል።

የሻይ ብርጭቆ አስመጣሁ። እናንተም ይህንኑ አድርጉ። ብርጭቆው ጥርት ያለ ውሃ ይኑረው። ከጠወለገው ግንድ፣ ከሥሩ አቅራቢያ፣ ጣት የሚያህል ቁራጭ ቁረጡ። የታችኛው ጫፉ ብቻ ውሃውን ነክቶ እንዲንጠለጠል ያዙት። አትነቅንቁት። ከደቂቃዎች በኋላ ከጫፉ ወተት የመሰለ ቀጭን ክር ወደ ታች ይወርዳል። ክሩ ከወረደ አጠውልግ ነው። ሰውየው ክሩን ሲያይ መርጫውን ከጀርባው አወረደ።

ድንቹንም ሰንጥቃችሁ እዩ። ከልጣጩ ገባ ብሎ ቡናማ ቀለበት አለው፤ ሲጨመቅ ነጭ ፈሳሽ ይወጣዋል። የባሰበት ደግሞ ዓይኖቹ ላይ አፈር ተጣብቆ ይወጣል።

የታመመውን ከነድንቹና በሥሩ ካለው አፈር ጋር አውጡ። አጠገቡ ያሉትንም ጨምሩ። ከማሳው ውጭ፣ ውሃ በማይወርድበት ቦታ፣ በጥልቀት ቅበሩ። ቦይ ውስጥ አትጣሉ! ለከብትም አትስጡ፤ በፍግ ተመልሶ ይመጣል። ዶማውንና ጫማችሁን ሳትታጠቡ ወደ ጤነኛው ማሳ አትሻገሩ። የዘር ድንች በቢላ አትቁረጡ፤ አንድ የታመመ ድንች የቆረጠ ቢላ ቀጥሎ የሚቆርጠውን ሁሉ ይበክላል።

ያ መሬት ቢያንስ 3 ዓመት ድንች አይይ። ቲማቲምና በርበሬም ዘመዶቹ ናቸው፣ እነሱንም ተዉ። በቆሎ፣ ስንዴ፣ ገብስ፣ ጤፍ ዝሩበት። ብዙዎቹ እዚህ ድረስ ይስማሙና በቆሎው መሃል በራሱ የበቀለውን ድንች ለወጥ ብለው ይተዉታል። ያች አንዲት ድንች በሽታውን ታቆያለች፤ የ3 ዓመቱ ድካም ከንቱ ይቀራል። አውጥና እምቧይም እንዲሁ ያቆዩታል። ይነቀሉ።

ዘሩን በተመለከተ፣ ከደጋ መጣ ማለት ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። በሽታው ብርድ ባለበት ተደብቆ ይቆያል፤ ሞቅ ወዳለ አገር ሲወርድ ይነሳል። አጎቴ ከገበያ የሚያምር ድንች ገዝቶ ቡሬ አጠገብ ተከለ። አንድም እንከን አልነበረበትም። አበባ ሲያወጣ መውደቅ ጀመረ። ዘር የምትገዙ ከሆነ ጆንያ አይታችሁ አትግዙ። ተክሉ አበባ ላይ ሳለ ማሳው ድረስ ሄዳችሁ በቀትር እዩት፤ የጠወለገ ካለ ተመለሱ።

የመራዊው ሰው በቆሎና ጤፍ እያፈራረቀ 3 ዓመት ጠበቀ። በራሱ የበቀለውን ሁሉ እየነቀለ ነው የከረመው። ከዚያ ዘር ሊገዛ ሲወጣ ብርጭቆዋን በኪሱ ይዞ ሄደ።