ሐረጎን ከመውጣታችሁ በፊት፦ ፋስት ቻርጅ ቦታ እንዴት ይታያል

ኤሌክትሪክ መኪና ይዛችሁ ከአዲስ አበባ ለምትመጡ ነው ይሄን የምጽፈው፣ በተለይ ኮምቦልቻ ገብታችሁ "ደሴ እኮ ደረስን፣ 25 ኪሎሜትር ናት" ብላችሁ ለምትዘናጉት። እንደዛ የሚለው ሐረጎን፣ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚያወጣውን ዳገት፣ የረሳ ሰው ነው። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ደሴ ደግሞ 2,500 አካባቢ፣ ሁለት ቶን የሚጠጋ መኪና ያን ያህል ሽቅብ ሲወጣ ለዳገቱ ብቻ 4 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይበላል፣ በቃ 25ቱን ኪሎሜትር እንደ 50 ቁጠሩት። መኪናው "40 ኪሎሜትር ይቀርሃል" ቢላችሁም እስካሁን በነዳችሁት አስልቶ ነው እንጂ ፊት ለፊቱ ዳገት እንዳለ አውቆ አይደለም።

ስለዚህ ብዙ ሰው ኮምቦልቻ ላይ ይሰካል። እዛ ስትደርሱ መጀመሪያ የማትሰሙት ነገር ቢኖር የቻርጀሩ ሳጥን ላይ የተለጠፈውን የኪሎዋት ቁጥር ነው፣ የሚሞላበትን ፍጥነት ማለቴ ነው።

ባለፈው 14 ፐርሰንት ይዤ ገባሁ፣ ሳጥኑ ላይ በትልቁ 60 ኪሎዋት ይላል፣ ደስ ብሎኝ ሰካሁና ስክሪኑን ሳይ 29። ነቀልኩ፣ ሰካሁ፣ 29። ጥበቃው ጋቢያቸውን ተከናንበው ቁጭ ብለው ሲያዩኝ ቆዩና "ልጄ አትልፋ፣ ያቺ እስክትሄድ ነው" አሉኝ ጎኔ የቆመችውን ነጭ መኪና በዱላቸው እያሳዩ። ለካ አንዱ ሳጥን ሁለት ገመድ አለው፣ ሁለቱም ከተሰኩ ይካፈላሉ። ነጯ ስትሄድ ትንሽ ቆይቶ 57 ገባ። ልዩነቱን አስቡት እንግዲህ፣ የኔ ባትሪ 60 ኪሎዋት ሰዓት ነው፣ ከ14 ወደ 80 ፐርሰንት ለማድረስ 40 ገደማ ይፈልጋል፣ በ29 ከሆነ ከአንድ ሰዓት ከሃያ በላይ፣ በ57 ደግሞ አርባ ምናምን ደቂቃ። አንዳንዱ ሳጥን ጎረቤት ሲሄድም በራሱ አይጨምርም፣ አቁማችሁ እንደገና ማስጀመር አለባችሁ። ስክሪኑ ኪሎዋት የማያሳይ ከሆነ ቮልቱንና አምፔሩን አባዙት፣ 400 ቮልት በ75 አምፔር 30 ኪሎዋት ነው። ብቻችሁን ሆናችሁም ካነሰ ጥፋቱ የሳጥኑ ላይሆን ይችላል፣ መኪናችሁ ራሷ የምትቀበለው ጣሪያ አላት፣ እሱን ከቤት ሳትወጡ እወቁት።

ሶኬቱን ደግሞ ቀድማችሁ ጠይቁ። ከቻይና የገቡት አብዛኞቹ ጂቢቲ የሚባለው የቻይና ሶኬት ናቸው፣ የአውሮፓ ሞዴል የያዘ ሰው ግን ሲሲኤስ የሚባለውን ነው የሚፈልገው፣ "አዳፕተር አይጠፋም" ተብሎ መንገድ አይወጣም ወላሂ። ስትደርሱ ጫፉን አገላብጣችሁ እዩት፣ ውስጡ የጠቆረ ወይ የቀለጠ ነገር ካለ፣ ገመዱ ከተሰነጠቀ፣ ውሃ ከገባበት አትሰኩ። ከሰካችሁ በኋላ አስር ደቂቃ ቆይታችሁ መያዣውን ንኩት፣ ሞቅ ማለቱ ያለ ነው፣ እጅ የሚያቃጥል ከሆነ ግን አቁሙት። ለማቆም ስክሪኑ ላይ ነው እንጂ ጎትቶ መንቀል የለም፣ ቀዩ የአደጋ ጊዜ በተንም የት እንዳለ አስቀድማችሁ አይታችሁ ያዙ።

መብራት! ይሄን ማንም አይነግራችሁም፣ መብራት ከጠፋ ቻርጀሩም አይሰራም። ከሚሴ ላይ ቆማችሁ ደውሉ፣ ከከሚሴ ኮምቦልቻ 50 ኪሎሜትር ገደማ ነው፣ "ቻርጀሩ ይሰራል?" አትበሉ፣ ሁሌም ይሰራል ነው የሚሏችሁ፣ "አሁን መኪና ተሰክቶበታል?" በሉ። መልሱ "አይ አሁን እንኳን..." ብሎ ከጀመረ አይሰራም ማለት ነው። አማራጭ ሌላ ቦታ ለመድረስ የሚበቃ ባትሪ ሳትይዙ አንድ ቻርጀር ብቻ ተስፋ አድርጎ መምጣት ቁማር ነው። ክፍያው በቴሌብር ወይ በአፕ ከሆነ ኔትወርክ ሲጠፋ ምን እንደሚያደርጉም በዛው ጠይቁ፣ ጥሬ ብርም ያዙ።

ደሴ ላይ የምትሰኩ ከሆነ ሁለት ነገር አለ። አንደኛ ማታ እንደገባችሁ ስኩ፣ ለጠዋት አታሳድሩት። ሐረጎን የወጣ ባትሪ ሞቅ ብሎ ነው የሚደርሰው፣ በደንብ ይቀበላል። የደሴን ብርድ ውጭ ያደረ ባትሪ ግን ጠዋት እንደኛው ነው፣ እስኪፍታታ ድረስ ያዘግማል።

ሁለተኛው ቁልቁለቱ ነው። ወደ ኮምቦልቻ የምትወርዱ ከሆነ 100 አትሙሉት። መኪናው ቁልቁል ሲሄድ ሞተሩ እየያዘ ኃይል ወደ ባትሪ ይመልሳል፣ ባትሪው ሙሉ ከሆነ ግን የሚመልስበት ቦታ የለውም፣ ያ መያዝ ይቀንሳል ወይ ጭራሽ ይጠፋል፣ ከዛ በጭጋግ ያን ሁሉ ጥምዝምዝ በእግር ፍሬን ብቻ ልትወርዱት ነው፣ ፍሬኑም ይግላል። 85 ላይ ተነሱ፣ ኮምቦልቻ ስትደርሱ ፐርሰንቱ እምብዛም ሳይቀንስ ታገኙታላችሁ። ደግሞ ከ80 በላይ ቻርጁ ራሱ ይንቀራፈፋል፣ ከኋላ ሰልፍ ካለ ሰው ማስመረር ነው።

ሽንት ቤት፣ መብራት ያለው ግቢ፣ ቡና ምናምን እሱን እናንተው ታዩታላችሁ። ሂሳቡን ግን ሳትሰኩ ተነጋገሩ፣ በኪሎዋት ሰዓት ነው ወይስ በደቂቃ? በደቂቃ ከሆነ በዛ በ29ኙ ፍጥነት ኪሳችሁ ነው የሚራቆተው። ስትጨርሱም ከመንቀላችሁ በፊት ስክሪኑን ፎቶ አንሱት፣ አንዴ 38 ኪሎዋት ሰዓት የገባልኝን 48 ብለው ሲያስከፍሉኝ ያዳነኝ ስልኬ ውስጥ የነበረው ፎቶ ነው።