የወላጆቻችን ሜዲካል አለርት፦ በተኑን ተጭነው ለምን ሰው አይመጣም?

ሜዲካል አለርት ማለት አንገት ወይም እጅ ላይ የሚደረግ የእርዳታ መጥሪያ በተን እና ቤት የሚቀመጥ ስፒከር ያለው ሳጥን (ቤዝ) ነው። ቤዙ ሶኬት ላይ መሰካቱን፣ በተኑ ባትሪ እንዳለው፣ ወርሃዊው ክፍያ መከፈሉን አይታችኋል ብዬ ነው የምጀምረው። ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ላሉ ሐበሻ ቤተሰቦች ይሄን ነገር ስገጥምና ሳስተካክል ደጋግሜ የማየውን ነው የምጽፈው።

ችግር፦ ወደቁ፣ ተጫኑ፣ ድምፅም መጣ፣ እርዳታ ግን አልመጣም

ከሁሉም የሚበዛው ይሄ ነው፣ መሳሪያው ደግሞ ምንም አልሆነም። በተኑ ሲነካ ጥሪ ወደሚቀበለው የኩባንያው ሞኒተሪንግ ሴንተር ይደወላል፣ ኦፕሬተሩ በስፒከሩ በእንግሊዝኛ ደህና ነዎት ወይ ይላል፣ እማማ ደግሞ ከእንግሊዝኛ አፋቸው ላይ የምትቀድመው «ኦኬ» ናትና «ኦኬ ኦኬ» ይላሉ፣ እሱም በስህተት ተነክቶ ነው ብሎ ይዘጋዋል። ሲልቨር ስፕሪንግ አንድ እናት ሻወር ቤት ወድቀው ልጃቸው ከሥራ እስክትመለስ ወለሉ ላይ ነበሩ፣ ሴንተሩ ጋ ስንደውል «ደንበኛዋ ደህና ነኝ ብለዋል» የሚል ነው የተመዘገበው። ሌላ አባት ግን ድምፁን ሲሰሙ ፖሊስ መስሏቸው ዝም አሉ፣ እሳቸውን ዝምታቸው አተረፋቸው፣ መልስ ከጠፋ አብዛኛው ሴንተር ወይ ቤተሰብ ጋ ይደውላል ወይ አምቡላንስ ይልካል።

መፍትሄው ከመፈረማችሁ በፊት ይጀምራል። ደውላችሁ የአማርኛ አስተርጓሚ መስመሩ ላይ ታስገባላችሁ ወይ፣ በስንት ደቂቃ በሏቸው። «ብዙ ቋንቋ እንሰራለን» የሚል ሴልስ አትመኑ፣ ብዙ ጊዜ ስፓኒሽ ማለቱ ነው! ከዚያ አካውንቱ ላይ እንዲህ ተብሎ ይጻፍ፦ የሚናገሩት አማርኛ ብቻ ነው፣ ኦኬ ቢሉም ደህና ናቸው ማለት አይደለም፣ አስተርጓሚ ካልተገኘ ወዲያው ለልጃቸው ይደወል፣ ካላነሳች አምቡላንስ ይላክ። ኦፕሬተሩ ስክሪኑ ላይ የሚያየው ይሄንን ነው። እማማን ደግሞ ሁለት ቃል አስለምዷቸው፣ «ሄልፕ» እና «አምሃሪክ»፣ ኦኬ የምትባለዋን ግን ከስፒከሩ ጋ እንዳያነሷት። ቴስቱን እናንተ አትጫኑላቸው እባካችሁ፣ ለሴንተሩ ቴስት ነው ብላችሁ አስቀድማችሁ ንገሩና እሳቸው ይጫኑ፣ እሳቸው ያውሩ፣ እናንተ ሌላ ክፍል ሆናችሁ ስሙ። በየወሩ።

ችግር፦ ሴንተሩ ለልጆቹ ደወለ፣ ማንም አላነሳም

የማያውቁት 800 ቁጥር ሲመጣ ሁሉም አጭበርባሪ ነው ብሎ ይዘጋዋል። ቁጥሩን በስም ሴቭ አድርጉት፣ ስልካችሁ ሳይለንት ላይ ቢሆንም እንዲጮህ አድርጉ። አንደኛ ተጠሪ ደግሞ ቅርብ ያለ ሰው ይሁን፣ አትላንታ ያለው ታላቅ ወንድም ስለሆነ ብቻ አንደኛ አይደረግም።

ችግር፦ አምቡላንሱ ሌላ ቤት ሄደ

እማማ ከአሌክሳንድሪያ ልጃቸው ቤት ተነስተው ወንድ ልጃቸው ጋ ሲከርሙ ቤዙን በፌስታል ይዘው ይሄዳሉ፣ አድራሻው ግን አሌክሳንድሪያ ይቀራል። የቤት ውስጡ ዓይነት የሚልከው የተመዘገበው አድራሻ ጋ ነው። በተዛወሩ ቁጥር ደውላችሁ አስቀይሩ፣ ለሁለት ሳምንትም ቢሆን!

ችግር፦ ቤዙ ማታ ማታ እየጠፋ ይጮሃል

አሜሪካ ቤት ውስጥ በግድግዳው የመብራት ማብሪያ የሚጠፋ ሶኬት አለ፣ መብራት ሲያጠፉ ቤዙም አብሮ ይጠፋል። ውስጡ ባትሪ ስላለው አንድ ቀን ያህል ይሸፍነዋል፣ እንደጠፋ ከቀረ ግን ይሞታል። መብራቱን አጥፍታችሁ ሞክሩትና ሌላ ሶኬት ላይ ሰኩት፣ «ለቡና ምድጃ አትንቀሉ» ብላችሁም በአማርኛ ለጥፉበት። ቤዝመንት ከሆነ ሲግናል ላይደርሰው ስለሚችል ፎቅ መስኮት አጠገብ አድርጉት፣ በተኑ ከታች እስከዚያ መድረሱን ግን ሞክሩ።

ችግር፦ በተኑን አያደርጉትም፣ ምስማር ላይ ሰቅለውታል

ምክንያቱን ጠይቁ። አንዳንዶቹ ስነካው ቢል ይመጣል ይላሉ፣ መጫኑ ብቻውን አያስከፍልም፣ በስህተት ቢነካም ችግር የለም በሏቸው። ለውዱእ የሚያወልቁት ውሃ የማይገባውን የእጅ ያድርጉ፣ ሻወር ውስጥም አይወለቅ፣ እዚያ የሚወድቅ ብዙ ነው። ከማተባቸው ጋር ግን አትቋጥሩት! የብዙዎቹ መሳሪያ ገመድ ሲጎተት እንዲለቅ ተደርጎ የተሠራ ነው፣ ማተብ አይለቅም፣ አልጋ ብረት ላይ ቢያዝ አንገት ያንቃል።

ሌላው አጭር ነው። የሰው አሮጌ መሳሪያ በስጦታ አትቀበሉ፣ አሮጌው የሞባይል ኔትወርክ 3ጂ አሜሪካ ውስጥ በ2022 ተዘግቷል፣ በእሱ የሚሠራ ከሆነ መብራቱ ቢበራም አይደውልም። ሲወድቁ በራሱ የሚደውለው ፎል ዲቴክሽን ከወንበር ቀስ ብሎ መንሸራተትን ላይዝ ይችላል፣ መጫኑን ይልመዱ። ቤተክርስቲያን የሚውሉ ከሆነ ይዘውት የሚወጡት ጂፒኤስ ያለው ዓይነት ይሁን፣ የቤት ውስጡ ዓይነት ቅዳሴ ላይ አይሰራም። አብዛኛው አፕል ዎች በየቀኑ ቻርጅ ይፈልጋል፣ ያንን የማይለምዱ ከሆነ ይቅርባቸው። ኦሪጅናል ሜዲኬር (የመንግሥቱ የአረጋውያን ጤና መድን) ወርሃዊውን አይከፍልም፣ ሜዲኬይድ (ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ የሚሰጠው) ወይም አድቫንቴጅ ፕላን (ሜዲኬር በግል ኩባንያ በኩል) ካላቸው ጠይቁ። የሦስት ዓመት ኮንትራት አትፈርሙ፣ ደውሎ በነፃ ልስጣችሁ ለሚል የካርድ ቁጥር አትስጡ።

በሩን ሳይሰብሩ እንዲገቡ በኮድ የሚከፈት የቁልፍ ሳጥን ውጪ ስቀሉ፣ ኮዱን ሴንተሩ ጋ አስመዝግቡ፣ ኮዱን የቀየራችሁ ቀን እዚያም አስቀይሩ።